የቀለብ ሂሳብና ሁለት የወንበር ልብስ

[ባለ ሦስት ወንበር ፀጉር ቤት። ሁለቱ ወንበሮች አበባ የታተመበት ልብስ ለብሰው እንደ ሙሽራ ጥግ ይዘዋል። በሦስተኛው ላይ መርፌ የሚሉት ልብስ ሰፊ ፊቱ አረፋ ሞልቶት ተቀምጧል። ምላጩን የያዘው ባለቤቱ ከሰማይ በታች የማያውቀው ስለሌለ ሰፈሩ ጠቅላላ እውቀት ብሎታል፤ እሱም ስሙን እንደ ሹመት ተቀብሏል። ሁለቱም ከየልጆቻቸው እናት ተለያይተዋል። ጠቅላላ ቀለብ መቁረጥ ከጀመረ ቆየ፤ መርፌም ቀለብ አስሊዎቹ ጋ የሚቀርብበት ተራው ደርሷል።]

ጠቅላላ፦ የቀን እንቅልፍ አይቆጠርም አልኩህ እኮ።

መርፌ፦ ለምን አይቆጠርም? ልጄ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጨርቅ ክምሩ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ታንኮራፋለች።

ጠቅላላ፦ ስማኝ፣ ወንድሜ። ያንተ ገቢ ይያዛል፣ የእናቷ ገቢ ይያዛል፣ ከዚያ ልጅቷ በወር ስንት ሌሊት አንተ ጋ እንደምታድር ይታያል። ብዙ ካደረች ትንሽ ትከፍላለህ። አስራ አምስት ብለህ ጻፍ።

መርፌ፦ ስታድር የኖረችው አራት ነው። አስራ አንዱን ከየት ላምጣ?

ጠቅላላ፦ ከእስክሪብቶ ነዋ።

መርፌ፦ ሰባት ዓመቷ ነው እኮ። ቢጠይቋት በጣቷ ነው የምትቆጥረው። አስራ አምስት ለማሳየት ጫማዋን ማውለቅ አለባት።

ጠቅላላ፦ እሺ፣ ሌሊቱን ተወው። ገቢህን ስንት ትላለህ?

መርፌ፦ የማገኘውን።

[ጠቅላላ ምላጩን አየር ላይ አቆመ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጢም ሲላጭ እንዲህ ያለ ቃል ከሰው አፍ ሲወጣ ሰምቶ አያውቅም።]

ጠቅላላ፦ ስፌት ሞቷል በል እንጂ። ሰው የተሰፋ ነው የሚገዛው በል። ዓይኔ ደክሞ ክር አልገባ ብሎኛል በል።

መርፌ፦ አንተ ምን ብለህ ነበር?

ጠቅላላ፦ እኔማ አስሊዎቹ ቤቱን ሊያዩ የመጡ ለት አንድ ወንበር ነው ያለኝ አልኩ። እነዚያ ሁለቱ የእንግዳ መቀመጫ ሆኑ። ልብሳቸውንስ የሰፋኸው አንተ አይደለህ? እነሱ በካልኩሌተር፣ እኔ በመጋረጃ። የሁለት ልጆች ቀለብ በአንድ ወንበር ተሰላ።

መርፌ፦ ትልቋ ልጅህ ባለፈው የትምህርት ቤት ቀሚሷን አስረዝምልኝ ብላ መጣች። ለሦስተኛ ጊዜ ነው። የሚለቀቅ ጨርቅ ስላለቀ በሌላ ቀለም ቀጠልኩላት።

ጠቅላላ፦ ፋሽን ነው።

መርፌ፦ እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው። ዋሽቼ ቢነቃብኝ አራቱን ሌሊት ቢነጥቁኝስ ብዬ። የማሽኑን ድምፅ ካልሰማች እኮ አትተኛም። እስክትተኛ ባዶውን እረግጥላታለሁ።

ጠቅላላ፦ ልቡ የራራ ሰው ኪሱ ይሳሳል። ለማንኛውም ለነገ ቀጠሮህ እኔ አስጠናሃለሁ።

መርፌ፦ ዛሬ ጠዋት ነበር። ሄጄ መጣሁ።

ጠቅላላ፦ እኔን ሳታማክር?

መርፌ፦ ቀለብ የሚያሰሉት ሴትዮ የገቢ ማስረጃ አለህ ወይ አሉኝ። የትዕዛዝ ደብተሬን ሰጠኋቸው። የባለቤቱ ስም፣ ልኩ፣ ዋጋው፣ ለምን እንደተሰፋ፣ ሁሉም አለበት።

[ጠቅላላ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ምላጩን ያስቀመጠው ለደንበኛው አንገት አዝኖ ነው።]

ጠቅላላ፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄ ነው። ብርህን በገዛ እጅህ አስረክበህ መጣህ? ደግሞ ለምን እንደተሰፋ መጻፍ ምን ይረባል?

መርፌ፦ አባቴ ያስተማሩኝ ነው። ለሠርግ ከሆነ ሰውዬው እስከዚያው ይወፍራል፣ ሰፋ አደርገዋለሁ። ለክስ ከሆነ ይከሳል፣ ጠበብ አደርገዋለሁ።

ጠቅላላ፦ እና ስንት ጫኑብህ?

መርፌ፦ ከፈራሁት ያነሰ። የክሩ፣ የአዝራሩ፣ የኪራዩ ወጪ ሁሉ ተጽፎ ስላገኙት ቀነሱልኝ። እናቷም ይሄ ሰው ድሮም መዋሸት አይችልበትም ብላ ሌሊቱን ስምንት አደረገችልኝ።

[ጠቅላላ ሳቁን ዋጠ። አልወርድ አለው።]

ጠቅላላ፦ የሞኝ ዕድል ነው። ደብተርህን ተቀበልክ?

መርፌ፦ ገና ነው። አንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ አንብበው እዚህ ይቆይ አሉ።

ጠቅላላ፦ የማንን ገጽ?

መርፌ፦ ያንተን። “ጠቅላላ እውቀት ፀጉር ቤት፤ ሁለት የወንበር ልብስ፣ ባለ አበባ።”

ጠቅላላ፦ [ቀስ ብሎ] ለምን በሚለው ቦታስ?

መርፌ፦ ጨርቁን ስታመጣ ጠይቄህ የነገርከኝን ነዋ፣ ቃል በቃል። “ቀለብ የሚያሰሉት ሰዎች ወንበሮቹን እንዳያዩ።”

[በሩ ተንኳኳ። ጠቅላላ ከሁለቱ ወንበሮች ፊት ክንዱን ዘርግቶ ቆመ፤ ሁለት ወንበር ለመከለል ግን ሰውነቱ አንሷል።]

መርፌ፦ ሴትዮዋ ናቸው። ልብሱን እንዳይቀድዱብህ ብዬ ዚፕ እንዳለው ነግሬያቸዋለሁ። ይልቅ ግማሽ ፊቴን ጨርስልኝ፤ ሄጄ ለልጅህ አዲስ ቀሚስ መቁረጥ አለብኝ። ለምን የሚለውን ከወዲሁ ሞልቼዋለሁ፦ “አባቷ ከዛሬ ጀምሮ ባለ ሦስት ወንበር ስለሆነ።”