ስለ ባዝራዋ ስለ ሎተ ዜሮ ነጥብ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

የሂንተርብሩክ የፈረስ ግልቢያ ክለብ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 12

ቦታ፦ ከግልቢያ አዳራሹ በላይ ያለው የክለቡ ክፍል። ማሞቂያው ባለፈው ቃለ ጉባኤ ይሠራል ተብሎ ነበር፤ አልተሠራም።

የተጀመረበት ሰዓት፦ ስብሰባው ለምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ተጠርቶ፣ ሰብሳቢው ቁልፉን ኪሳቸው ውስጥ እስኪያገኙት ድረስ ዘግይቶ ተጀመረ።

የተገኙ፦
አቶ ፍሪድሄልም ብሩንስ፣ ሰብሳቢ
ወይዘሮ ኦቲሊ ካርስተንስ፣ ገንዘብ ያዥ
አቶ ዴትሌፍ ሩገ፣ የስፖርት ኃላፊ
ወይዘሮ ጌዛ ሃርምስ፣ የኮሚቴ አባልና አቤቱታ አቅራቢ
ኢምከ ቮልተርስ፣ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ የቀሩት የኮሚቴ አባላት በሙሉ። ዳኛን የሚመለከት ስብሰባ በተጠራ ቁጥር የነዚህ ሰዎች ፈረሶች እንደሚታመሙ ስለሚታወቅ ምክንያት አልተጠየቁም።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ደንቡ አምስት ሰው ይላል። አምስት ሰው አለ። ሰብሳቢው «አንድ ሰው ከጎደለ መወሰን አንችልም፣ ሽንት ቤትም ቢሆን በእረፍት ሰዓት ነው» ሲሉ አሳስበዋል። እረፍት ግን አልሰጡም።

አጀንዳ አንድ፦ የኦገስቱን ውድድር ውጤት ማጽደቅ

ሰብሳቢው የሥርዓተ ግልቢያ ውድድሩን ውጤት አነበቡ። አንደኛ ስቫንትየ ብሩንስ። ሰብሳቢው የልጃቸውን ስም ሁለት ጊዜ ያነበቡት የድምፅ ማጉያው ስለሌለ እንደሆነ ገልጸዋል። መጨረሻ ጌዛ ሃርምስ፣ በባዝራዋ በሎተ፣ ዜሮ።

ወይዘሮ ጌዛ ውጤቱ ከመጽደቁ በፊት አቤቱታቸው እንዲታይ ጠየቁ። ሰብሳቢው «ጌዛ፣ ተይ እንጂ፤ አቤቱታሽ ሁለተኛ አጀንዳ ነው። ውጤቱ ሳይጸድቅ በምኑ ላይ ነው የምታማርሪው?» አሉ። አመክንዮው ማንንም አላሳመነም፤ ሆኖም በአራት ድምፅ ድጋፍ በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ። ጸሐፊዋ ከአራቱ አንዷ ነበረች። አልኮራችበትም።

አጀንዳ ሁለት፦ በዳኛው በዶክተር ፎልክማር ቲድየን ላይ የቀረበ አቤቱታ

ወይዘሮ ጌዛ ነገሩን እንዲህ አስረዱ። ዳኛው ከሜዳው ጫፍ ባለችው የእንጨት ጎጆ ተቀምጠው፣ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ የሚሰጡትን ነጥብ አጠገባቸው ላለችው መዝጋቢ በቃል ይነግራሉ። በዳኞች አነጋገር ስምንት «ጥሩ» ይባላል፣ አምስት ደግሞ «ይበቃል» ይባላል። በዚያን ቀን ማይክራፎኑ ሳይዘጋ ቀርቷል። ሎተ በሶምሶማ ሜዳውን ስትሻገር ዳኛው «ይበቃል» አሉ፤ ድምፃቸውም ሜዳውን፣ የመኪና ማቆሚያውንና የኬክ መሸጫውን ሞላው። ወይዘሮ ጌዛ የተባረሩ መሰላቸው። ባዝራዋን አቁመው፣ እንደ ሥርዓቱ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡና ወጡ። ሳይጨርስ ከሜዳ የወጣ ዜሮ ነው።

ማይክራፎኑን መዝጋት የማን ሥራ እንደነበር በዚህ ስብሰባ አልተነሣም። የሰብሳቢው ነበር።

ሰብሳቢው ዳኛው ያጠፉት እንደሌለ ተናገሩ። ወይዘሮ ጌዛ «ፍሪድሄልም፣ እዚህ የተቀመጥነው ሁላችንም ግልቢያ የተማርነው በሎተ ጀርባ ላይ ነው። ያንተም ልጅ። ስቫንትየን ስንቴ ጭቃ ላይ ጥላት ስንቴ ቆማ እንደጠበቀቻት ታውቃለህ። አሁን አርጅታለች፣ ያ የመጨረሻ ውድድሯ ነበር። እኔን ዜሮ በሉኝ፣ ግድ የለኝም። የእሷ ስም ግን ከዜሮ ጋር እታች ኮሪደሩ ላይ ተለጥፎ እንዲኖር አልፈልግም» አሉ፤ ቃል በቃል እንዲያዝላቸውም ጠየቁ። ተይዟል። 

አቶ ዴትሌፍም የራሳቸውን በደል አነሡ። ባለፈው ዓመት ዳኛው በድምፅ ማጉያ «ፈረሱ ግሩም ነው፤ ጭነቱ ግን በደንብ አልታሰረም» ማለታቸውን፣ ጭነቱ እሳቸው መሆናቸውን ለመረዳትም አንድ ሙሉ ዙር እንደፈጀባቸው ገለጹ። ወይዘሮ ኦቲሊ ደግሞ የሳቸው ግልቢያ ሲጋመስ ዳኛው የፕለም ኬክ እንደቀረበላቸው፣ ከዚያ በኋላ ቀና እንዳላሉ፣ ሆኖም ላላዩት ቀሪ ግልቢያ አራት ነጥብ እንደሰጧቸው አስመዘገቡ። ኬኩን የጋገሩት ራሳቸው ወይዘሮ ኦቲሊ ናቸው።

ሰብሳቢው «ሰውዬው ቀጥተኛ ናቸው እንጂ ክፉ አይደሉም» አሉ። አቶ ዴትሌፍ «ልጅህ አንደኛ ስትወጣ እኔም ቀጥተኛ ይመስሉኝ ነበር» ሲሉ መለሱ። ሰብሳቢው ንግግሩ እንዲሰረዝ አዘዙ። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋ እንደማይሰርዝ አስረዳች።

አቶ ዴትሌፍ ማንኛውም ዳኛ ከመፍረዱ በፊት በሳቸው ፈረስ ላይ ወጥቶ ያንኑ ውድድር ይጋልብ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ወይዘሮ ኦቲሊ የፈረሱን ጠባይ በማስታወስ፣ ይህ ዳኛ ማረም ሳይሆን ዳኛ መጨረስ ነው ብለው ተቃወሙ። በምትኩ ዳኞች በአቀማመጥ፣ በአነጋገርና በኬክ አያያዝ ነጥብ ይሰጣቸው አሉ።

ከረዥም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ፦

ሀ. ዶክተር ቲድየን ሎተን በጽሑፍ ይቅርታ ይጠይቁ፤ ጽሑፉም በጋጣዋ በር ላይ ተቆሞ ቀስ ተብሎ ይነበብላት።

ለ. ከእንግዲህ ግልቢያ ሳያልቅ ለዳኛ ኬክ አይቅረብ።

ወይዘሮ ጌዛ የዜሮው ነገር በሁለቱም ውሳኔ ውስጥ እንደሌለ አመለከቱ። ሰብሳቢው አጀንዳ አንድ የተዘጋ መሆኑን አስታወሱ።

አጀንዳ ሦስት፦ ለዳኛው የሚላከው ደብዳቤ

አቶ ዴትሌፍ ያረቀቁትን ደብዳቤ ቆመው አነበቡ። ወይዘሮ ኦቲሊ አጀማመሩ ሞቅ ያለ እንደሆነ፣ መሐል ላይ ግን እንደተንገዳገደ ገልጸው አምስት ተኩል ሰጡ። ሰብሳቢው ሐሳቡ ጥሩ ሆኖ አንባቢው እንዳበላሸው፣ ሲያነብም ትከሻው እንደሚወጠር አስተያየት ሰጡ። አቶ ዴትሌፍ «እናንተ ማን ሆናችሁ ነው ነጥብ የምትሰጡኝ? ስድብ ነው ይሄ» ብለው ተቀመጡ። አቀማመጣቸውም ተተቸ። በክፍሉ ውስጥ ማንም ዳኛውን መምሰሉን የታዘበ አይመስልም ነበር፤ ከወይዘሮ ጌዛ በቀር። እሳቸው በመስኮቱ ወደ ጋጣው ያዩ ነበር።

ደብዳቤው እንዲላክ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ አራት፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው የመኸር ውድድሩ መቃረቡን፣ ሌሎች ዳኞች ሁሉ እምቢ ማለታቸውን፣ ፈቃደኛው አንድ ሰው ብቻ መሆናቸውን አስታወቁ። ማን እንደሆኑ ተጠየቁ። በዚህ ጊዜ ግቢው ውስጥ መኪና ቆመ። ሰብሳቢው ዶክተር ቲድየንን ስለ ውድድሩ ለመነጋገር ለዛሬ ምሽት ጋብዘዋቸው እንደነበርና ጉዳዩን ፈጽሞ እንደረሱት ገለጹ።

ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ከነበረው የሄሪንግ ዓሣ ሳህን ሥር ገባ። ሰብሳቢው የእግር ኮቴ ደረጃው ላይ እየተሰማ በሹክሹክታ የሚከተለውን የውሳኔ ሐሳብ አቀረቡ፦ «ዛሬ ማታ በዚህ ክፍል የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠር።»

ወይዘሮ ጌዛ «ሁሉም?» ሲሉ ጠየቁ።

ሰብሳቢው «ሁሉም። ከመጀመሪያው ጀምሮ። ቶሎ በሉ እባካችሁ» አሉ።

ወይዘሮ ጌዛ ማንም ሳይጠብቅ ሐሳቡን ደገፉ። በአምስት እጅ ጸደቀ።

ዶክተር ቲድየን ገቡ። ሁሉም ተነሣ። ዳኛው ደረጃው እኩል እንዳልሆነና መብራቱ ሕይወት እንደሌለው ተናገሩ። ሰብሳቢው አመሰገኑ። አቶ ዴትሌፍ የዳኛውን ኮት ተቀብለው ሰቀሉ፤ በጥንቃቄ።

ጸሐፊዋ በሥራዋ ግዴታ የመጨረሻውን ውሳኔ ጮክ ብላ አነበበች፤ ትርጉሙንም አስረዳች። አጀንዳ አንድም የዛሬ ማታ ውሳኔ ስለሆነ የኦገስቱ ውድድር ውጤት አልጸደቀም። ያልጸደቀ ውጤት ኮሪደር ላይ ተለጥፎ አይቆይም። ስለዚህ ዜሮ የለም። አንደኛም የለም።

የሰብሳቢው ፊት ተለዋወጠ። ውጤቱ አሁኑኑ እንደገና ይጽደቅ አሉ፤ እጅ እንዲወጣም ጠየቁ። አቶ ዴትሌፍ ዳኛውን አይተው እጃቸውን አወጡ። ወይዘሮ ኦቲሊ በአንድ እጃቸው ለእንግዳው አረቄ ይቀዱ ስለነበር ሌላኛውን አወጡ፤ ዓይናቸውም ከብርጭቆው ላይ ተነሣ። ብርጭቆው ሊሞላ ሲል ዶክተር ቲድየን መዳፋቸውን ዘርግተው «ይበቃል» አሉ።

ወይዘሮ ጌዛ ተነሡ። ኮታቸውን ለበሱ። ወደ ዳኛው ዞረው፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ ታች ዘርግተው፣ ልክ ሜዳ ላይ እንደሚደረገው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዳኛው ይበቃል ካሉ እኔ ወጪ ነኝ፤ ጠባዬን ታውቁታላችሁ» ብለው ሄዱ።

ሰብሳቢው መስኮቱን ከፍተው «ጌዛ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ» እያሉ ተጣሩ። ወይዘሮ ጌዛ ግቢውን አቋርጠው ወደ ሎተ ጋጣ ይሄዱ ነበር፤ ዞር አላሉም። በክፍሉ የቀረነው አራት ነን። አራት ሰው ምንም ማጽደቅ አይችልም፤ ዳኛም አይቆጠርም።

ዶክተር ቲድየን «እኚህ ሴት ሥራቸው ሲያምር ለምንድነው ጥለው የሚወጡት? በኦገስትም እኮ ባዝራዋ ጥሩ እየሄደች ነበር» ሲሉ ጠየቁ። «ጥሩ» ስንት ነጥብ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። 

ስብሰባው በምልዓተ ጉባኤ መጓደል ተበትኗል። ሰዓቱን ያየ አልነበረም። የጸናው ውሳኔ የተወሰነውን ሁሉ ያፈረሰው ብቻ ነው። ጸሐፊዋ ወደ ቤቷ ስትሄድ ውጤቱን ከኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ነቅላዋለች። ይህን ስታደርግ በጣም ደስ ብሏታል፤ ደስታ በቃለ ጉባኤ እንዳይመዘገብ የሚከለክል አንቀጽም በደንቡ ውስጥ አላገኘችም።

ኢምከ ቮልተርስ፣ ጸሐፊ