ሌባ የሚነክስ፣ ተማሪ የማይነክስ ውሻ

ሳይጠየቅ ምክር የሚሰጥ ሰው የሌለበት ሰፈር እግዚአብሔር አልፈጠረም። የኛ ድርሻ መሪጌታ ሐዲስ ናቸው። ድጓ ያስተምራሉ፤ ድጓውን ግን ጎንደር ላይ ሌላም ሰው ያውቀዋል። ውሻን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ስለሆኑ በሆዳችን «ሊቀ ከለባት» ብለን ሾመናቸዋል።

እውቀታቸው ከመጽሐፍ አይደለም። በተማሪነታቸው ከዛሪማ እስከ መካነ ብርሃን በየደጁ ሲለምኑ ያልነከሳቸው የአገር ውሻ የለም። «ጩኸቱን ተወው፤ ጥርሱን ጠይቀኝ» ይሉና ሱሪያቸውን ሰብስበው ያስነብባሉ። ባታቸው ላይ ያለው ጠባሳ የዛሪማ ነው፤ የቆላ ውሻ ቀጭን፣ ጸጉሩ አጭር፣ ሲጮህ ውሎ ጀርባ ሲሰጡት የሚነክስ። ጉልበታቸው ላይ ያለው የመካነ ብርሃን ነው፤ የደጋ ውሻ ጸጉራም፣ አንገተ ወፍራም፣ ፊት ለፊት መጥቶ ሳይጮህ የሚነክስ። ጣሊያን ጥሎት የሄደው ጆሮ ቀጥ ያለ ውሻ ግን የያዘው እጀ ጠባባቸውን ብቻ ስለሆነ፣ ስለሱ አስተያየት ከመስጠት ይቆጠባሉ።

እኔም ሰው ቁስሉን ሲያሳየኝ ማዘን ሲገባኝ «የግራውስ?» እያልኩ የምጠይቅ ነኝ።

ውሻ ያስፈለገን ለፋሲካ ባሰርነው ሙክት የተነሣ ነው። የጎረቤታችን የአባይነሽ በግ በጠራራ ፀሐይ ተሰርቆ ነበርና ተራው የኛ መሰለን። ባለቤቴ ሐረገወይን ግን ደጃችን በየቀኑ የቆሎ ተማሪ እንደሚቆም አስታውሳ፣ ተማሪ የሚነክስ ውሻ ከሚገባ ሌባ ቢገባ ይሻላል አለች።

«ሸጋ» አሉ መሪጌታ። «የመካነ ብርሃኑን አምጣ። ተማሪ መለየቱን እኔ አስተምረዋለሁ።»

አስተማሩትም። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለው ቁራሽ ይጥሉለታል፤ ውሻው ይተኛል። ጾሙ ሳይጋመስ ቃሉን ብቻ ሲሰማ ጅራቱን እየቆላ የሚጋደም ሆነ። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። አላፊ አግዳሚውን እየጠራሁ አሠራሩን ከነቃሉ አስረዳሁ።

በሆሳዕና ማግሥት ነጠላ ያጣፋ ሰው ደጃችን ቆሞ በሸጋ ዜማ «በእንተ ስማ ለማርያም» አለ። ውሻው ተኛ። በአጥሯ በኩል ያየችው አባይነሽ ተማሪ መስሏት ቁራሽ ልታመጣ ገባች፤ ስትመለስ ሰውየውም ሙክቱም የሉም።

መሪጌታ ሲሰሙ የጠየቁት ዜማው እንዴት እንደነበር ነው። አባይነሽ ያማረ እንደነበር ነገረቻቸው።

«እንግዲያ ትምህርቱን ያቋረጠ ተማሪ ነው» ብለው ከሙክቱ ይልቅ ለሌባው አዘኑ።

ፋሲካን በእንቁላል ፈሰክን። መሪጌታ ግን ከዚያ ወዲህ ከቅዳሴ መልስ ደጃችን ላይ በርጩማ ይዘው ይቀመጣሉ። ለልመና የመጣ ሁሉ የኔታው ማን እንደሆኑ፣ የት ድረስ እንደዘለቀ፣ በመንገድ ምን ዓይነት ውሻ እንደገጠመው ሳይመረመር ቁራሽ አያገኝም። እውነተኛ ተማሪ ጠግቦ ይሄዳል። ሌባ ይህን ሁሉ የሚችልበት ትዕግሥት የለውም። ውሻው እግራቸው ሥር ያንቀላፋል።

ባለፈው ሳምንት አባይነሽ ሌላ በግ ገዝታ መጣች።

«አያ ቢያዝን» አለችኝ፣ «ምነው ጠባቂያችሁን ብታውሱኝ?»

«ውሻውን ውሰጂው» አልኳት። «መሪጌታን አላውስም።»