ለማትሰበረው መኪና የሚንቀጠቀጡት ኧረቆይ

አዋጅ ነው! የሁለቱ የፊት ጎማዎች የበላይ ጠባቂ፣ የብሎን ሁሉ አለቃ፣ ቁመታቸው ከጎማቸው እምብዛም የማይበልጠው ክቡር ኧረቆይ ዛሬ መኪናቸውን ከግቢ አወጡ።

ኧረቆይን የማያውቅ የለም። በሩን ቆልፎ ቁልፉን የሚጠራጠር ሰው ከየትም ሰፈር አይጠፋም። የኛው ኧረቆይ ግን ሚስታቸው ሲያዋሯቸው እንኳ ጣታቸውን ያነሣሉ፦ «ኧረ ቆይ፣ ድምፅ አለ።»

የመኪና ምርጫቸው መልካም ነበር። ሁለቱ የፊት ጎማዎች በአንድ ብረት የታሰሩባትን መኪና ትተው፣ እያንዳንዱ ጎማ ለየብቻው ጉድጓድ የሚወርድባትን ገዙ፤ የሚስታቸውን ወገብ እንዳታንገጫግጭ ብለው። ከዚያ ፍርሃት ገባቸው። ጎማውን የያዘው ክንድ ቀጠነባቸው፣ በወፍራም አስቀየሩት። ክንዱ ሲወፍር ማያያዣው አሳሰባቸው፣ አስበየዱት። መንገጫገጩን የሚያለዝበውን ሞላም አላመኑትም፤ አጠነከሩት። መካኒኩ እጁን እየጠረገ፣ ከእንግዲህ የሚሰበር ነገር ቢኖር ሻሲው ነው አላቸው። ለቀልድ ነበር። እሳቸው ግን እንቅልፍ አጡ፤ በማግስቱ ሻሲውንም በብረት አስለበጡት። ሚስታቸው ግቢው ውስጥ አንዴ ዞረውባት ወገባቸውን ይዘው ወረዱ።

ይህች ሁሉ ብረት ከጋራዥ በቀር የትም ደርሳ አታውቅም።

ዛሬ ግን ከገደሉ ማዶ ያለች ልጃቸውን ምጥ ይዟታል። አዋላጇ ደውላ፣ ፅንሱ በእግሩ መጥቷል፣ ሆስፒታል ቶሎ ካልደረሰች… አለችና ስልኩን ዘጋች። በዚያ የድንጋይ ቁልቁለት የሚወርድ ሌላ መኪና በሰፈሩ የለም።

ቁልቁለቱ አፍ ላይ የግራው ጎማ «ቋ» አለ። ኧረቆይ አቁመው ወረዱና ከጎማው ሥር ተጋደሙ። ብሎኑን ያዙት። ብሎኑ ይሁን እጃቸው የሚነቃነቀው፣ መለየት አቃታቸው። ከታች ገደሉ አፉን ከፍቷል።

አብረዋቸው የተሳፈሩት ሚስታቸው በመስኮት አንገታቸውን አወጡ። «አንተ ሰው፣ ስታጠነክር የኖርከው ለዚች ቀን አይደለም?»

«ከተሰበረስ?»

«አብረን እንሰበራለን። ተነሥ፣ ልጄን አምጣልኝ።»

ተነሡ። የልብሳቸውን አቧራ እንኳ ሳያራግፉ መሪውን ጨበጡ። የመጀመሪያውን ድንጋይ ሲወርዱ ያ ድምፅ እንደገና «ቋ» አለ፤ ከፊተኛው የባሰ። ሚስታቸው ዐይናቸውን ጨፍነው የተለመደውን ቃል ጠበቁ። ኧረቆይ ግን ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ላብ ዐይናቸው ውስጥ እየገባ፣ ወደፊት ነዱ። ከዚህ ትንሽ ሰው የበለጠ ደፋር በሰፈሩ ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

አንተ ከማዶ ያለህ አንባቢ፣ አንድ ውለታ ዋልልኝ። መንገዱ ዳር ውጣና ጆሮህን ጣል። ያ «ቋ» ከተሰማህ ሩጥና አባትሽ እየመጡ ነው በላት። ድንገት ጸጥ ካለ ግን፣ እባክህን፣ ለልጅቷ እንዳትነግራት።