የአያ ደምሴ ዘይት መለኪያ

መኪናቸው እውነቱን ሲነግራቸው የሚቆጡ ሾፌሮች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔን አያ ደምሴ ገጥመውኛል። በደርግ ጊዜ ነው፤ እኅቴን ምጥ ይዟት፣ ከባሏ ጋር ከሽንዲ ወደ ቡሬ ጤና ጣቢያ በእሳቸው ፒካፕ ስንከንፍ፣ የዘይት መለኪያው ቀስት ወርዶ ዜሮ ላይ ተኛ።

«አያ፣ ዘይቱ አልቆ እንዳይሆን፤ ቆም ብለው ቢያዩት?» አልኋቸው።

«ይህች ቀስት አድኃሪ ናት! ሰፊውን ሕዝብ ልታሸብር ነው» ብለው መለኪያውን በቆባቸው ሸፈኑት።

ብዙም ሳንርቅ ሞተሩ አጓርቶ ቀጥ አለ። «የሰው ያለህ!» እያልን ጮኽን። ደግነቱ፣ ጩኸታችንን ሰምተው ከአረም የሮጡ ሴቶች እኅቴን ከበቧትና እዚያው ማሳ ዳር ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች።

እልልታው ሲቀልጥ አያ ደምሴ ደረታቸውን ነፉ። «መኪናዬ ባትቆም ይህ ልጅ እየተንገጫገጨ ይወለድ ነበር!»

ልስቅ ስል የእኅቴ ባል እግራቸው ላይ ወደቀ፤ ክርስትና እንዲያነሡለት ሊለምን።