ሊቀ ካርድ ሳይፈቅዱ ማን ይገዛል?

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው አለ። ዕቃ ልትገዛ ማሰብህን ከሚስትህ ቀድሞ ያውቃል። ሳትገዛ ካገኘህ «ቆይ!» ይልሃል፤ ገዝተህ ካገኘህ ደግሞ «ምነው ብትጠይቀኝ ኖሮ!» ይልሃል። በሁለቱ መሐል የምትደበቅበት ቦታ የለም። እናንተ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ እስኪ በደንብ ፈልጉ፤ ምናልባት እናንተው ትሆናላችሁ።

የኛው ሰው የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። ደመወዝ የሚከፈላቸው ፋይል በመደርደር ነው፤ ክብራቸው ግን ከኮምፒውተር ነው። ማዕረጉን ማን እንደሰጣቸው ባይታወቅም ሁላችንም «ሊቀ ካርድ» እንላቸዋለን። ካርዱ የመታወቂያ ካርድ አይደለም፤ ኮምፒውተር ውስጥ ተሰክቶ የጨዋታውን ምስል የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ነው። የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያችን እሳቸው በኮሪደሩ ሲመጡ ካየ መጸዳጃ ቤት ይገባል።

ምክራቸው ያልነካው ሰው የለም። የሾፌራችን ስልክ ወድቆ ሲሰበር አዲስ ሊገዛ ተነሣ። «ቆይ! የሚቀጥለው ሊወጣ ነው» አሉት። ቆየ። የሚቀጥለው ሲወጣ «ቆይ! አሁን ይረክሳል» አሉት። አሁንም ቆየ። የተሰበረው ስልክ በድምጽ ማጉያው ካልሆነ ስለማያሰማ፣ የሾፌራችንን የትዳር ጣጣ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ እኩል አወቀው። ዛሬ ሚስቱ ስትደውል ሁላችንም ምክር እንለግሳለን።

ጸሐፊያችን ደግሞ ሳታማክራቸው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዛች። በማግስቱ መጥተው ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆሙና መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ኮታቸውን ቆለፉ። በመጨረሻ ራሳቸውን እየነቀነቁ «ምነው ብትጠይቂኝ ኖሮ!» አሉ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚለውንም ከነማሳረጊያው አወረዱላት። ማሽኑ እስካሁን እንከን አልወጣለትም፤ እሷ ግን ባጠበች ቁጥር ትሳቀቃለች።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ እሳቸው እጅ የወደቅሁት በባለቤቴ እግር ሰበብ ነው። ባለቤቴ ነርስ ናት። ዕድሜዋን ሰው ስታስተኛና ስታስነሣ የኖረች ሴት፣ ከደረጃ ወድቃ እግሯ ተሰበረና ራሷ ተኛች። ሐኪሙ በጄሶ ጠቅልሎ «ከአልጋ እንዳትወርጂ» አላት። ከዚያ ወዲህ ሳቋ ጠፋ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትውላለች፤ ምግብ ሳቀርብላት «ኋላ» ትለኛለች። ሌላ ከተማ ያለችው እህቷ ስትደውል እንኳ «ደክሞኛል» ብላ ትዘጋለች። እነዚህ እህትማማቾች ከልጅነታቸው ጀምሮ በመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ ሲፋለሙ የኖሩ ናቸው፤ ከተለያዩ በኋላም በኢንተርኔት ቀጥለውበት ነበር። የኛ አሮጌ ኮምፒውተር ግን አዲሱን ጨዋታ አልችልም ብሎ ካረፈ ሰነባብቷል። አንድ ቀን «ምን ላምጣልሽ?» ስላት፣ ግድግዳውን እያየች «እህቴን የማሸንፍበት ኮምፒውተር» አለችኝ። ከወደቀች ወዲህ የጠየቀችኝ ነገር ይሄ ብቻ ነው።

ሌላ ሌላውን ዕቃ በቶሎ አገኘሁ። ካርዱ ላይ ስደርስ ተገተርኩ። አቅሜ መካከለኛ ነው። ሀብታሙ ትልቁን ይገዛል፣ የሌለው ይተወዋል፤ መሐል ላይ ያለነው ነን የምንጨነቀው። ሳልወድ በግዴ ወደ መዝገብ ቤት ወረድኩ።

«ቆይ!» አሉኝ ገና አፌን ሳልከፍት። ከዚያ የገዛሁትን ዕቃ ዝርዝር ተቀብለው ኮታቸውን አነሡና አብረን ወደ ኮምፒውተር መሸጫው ሄድን።

ሻጩ ገና ሲያያቸው ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ልምድ አለው። ሊቀ ካርድ የመጀመሪያውን ካርድ ገልበጥ አድርገው አዩት። «የዚህ ሜሞሪው ትንሽ ነው። በዓመቱ ታለቅሳለህ።» ሁለተኛውን አነሡና ትንሽ ያዝ አድርገው «ይሄ ለጊዜው ይቀመጥ» አሉ። ሦስተኛው ጉልበተኛ ነበር። «ይሄ ደግሞ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ያንተ ፓወር ሰፕላይ አይችለውም። ቢችለውም የኮምፒውተርህ አንጎል፣ ፕሮሰሰሩ፣ አያጠግበውም። ሰፊ አፍ በሻይ ማንኪያ ስታጎርስ አስበው።» በመጨረሻ የተጨበጠ ነገር ሰማሁ ብዬ ደስ ሲለኝ ጣታቸውን አነሡ። «ቆይ! አዲሱ ሊወጣ ነው። እሱን ካየን በኋላ ነው የምንወስነው።»

ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። ትዕግሥቴ አለቀ።

«ጋሼ፣ ባለቤቴ ግድግዳ እያየች ነው የምትውለው» አልኳቸው። «እህቷን እንኳ ማናገር ትታለች። አዲሱ እስኪወጣ እግሯ ይድን ይሆናል፤ የእሷን ነገር ግን እንጃ።»

ሊቀ ካርድ ጣታቸውን አወረዱ። «እንዲህ መሆኗን መች ነገርከኝ?» አሉ ቀስ ብለው። ወደ ሻጩ ዞረውም «ሁለተኛውን ጠቅልልን» አሉት። ሻጩ ጆሮውን ስላላመነ አስደገማቸው። መንገድ ላይ ስጠይቃቸው ለካ የኮምፒውተሩን ሳጥን ስፋት፣ የፓወር ሰፕላዩን አቅም፣ የስክሪኑን ዓይነት ሁሉ በልባቸው ይዘው ኖሮ፣ ሁለተኛው ልክ እንደሚሆነኝ ገና ሲያነሡት አውቀውታል።

«ታዲያ ለምን ቆይ አሉኝ?»

«ልማድ ነው» አሉ።

አልጋዋ አጠገብ ገጣጠሙት። ባለቤቴ ፊቷን ከግድግዳው ወደኛ መለሰች፤ እህቷም በስልኩ ድምጽ ማጉያ ትጠብቃለች። ካርዱ ገባ፣ ገመዱ ተሰካ፣ ጨዋታው ተከፈተ። የባለቤቴ መኪና ትንሽ ሄደች፤ ቆመች፤ እንደ ማሰብ አለችና ደግሞ ትንሽ ሄደች። የእህቷ መኪና ዙሩን ጨርሳ ስትመጣ የኛዋ ገና ከመነሻው አልራቀችም።

«ይሁን፣ ደህና ነው» አለች ባለቤቴ። «በጣም ደክማችኋል፤ አመሰግናለሁ።»

እንዲህ እንደ ባዳ ከምታመሰግነኝ ብትጮህብኝ በስንት ጣዕሙ! ካርዱ የተበላሸ መሰለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ሊቀ ካርድን ከነኮታቸው በመስኮት ብወረውራቸው ደስታዬ ነበር። እሳቸው ላባቸው እየተንቆረቆረ ከፈቱት፣ ዘጉት፣ ካርዱን ነቅለው መልሰው ሰኩት። በመጨረሻ በሆዳቸው ተኝተው ከኮምፒውተሩ ጀርባ ገቡ። ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር «ወይ ጉዴ!» የሚል ድምጽ ተሰማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስክሪኑ ገመድ የሚገባበት ሁለት ቦታ አለ፤ አንዱ ከላይ፣ ማዘርቦርድ በሚባለው ዋናው ሰሌዳ ላይ፤ ሌላው ዝቅ ብሎ ራሱ ካርዱ ላይ። ሊቀ ካርድ የሰኩት ላይኛው ላይ ነው። ያን ያህል የተከራከርንበት ካርድ ሥራ የሚሰጠው አጥቶ እንደ እንግዳ ቁጭ ብሎ ሲያየን ነበር። ገመዱን ወደ ታችኛው ሲያዛውሩት መኪናዋ ተወነጨፈች። ባለቤቴ ጮኸች፤ እህቷ በስልኩ ውስጥ «አንቺ አጭበርባሪ!» አለች፤ እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ እፎይ አልኩ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

አሁን ፉከራው ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ሊቀ ካርድ ግን ኮታቸውን አንሥተው ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ ውልቅ አሉ። ትንሽ ቆይቶ ስልኬ ጮኸ።

«ስማ» አሉኝ በሹክሹክታ። «የኔም።»

«የእርስዎም ምን?»

«ገመዱ ላይኛው ላይ ነበር። ከገዛሁት ጀምሮ! ካርዱ አይረባም እያልኩ የሠሪዎቹን ስም ሳጠፋ ኖርኩ እኮ። ሁሌ መጨረሻ እየወጣሁ ሲሰለቸኝ ነው የመኪና እሽቅድምድሙንም የተውኩት። በሞቴ፣ ለማንም እንዳትናገር።»

አልናገርም ብዬ ማልኩላቸው። በማግስቱ አፌን ለጉሜ ቢሮ ስገባ፣ ሊቀ ካርድ ሻይ ክፍሉ መሐል ቆመው ለሾፌሩም፣ ለጸሐፊዋም፣ ለጥገና ባለሙያውም ጉዳቸውን ይዘረግፉታል። «ሂዱና ገመዳችሁ የት እንደገባ እዩ! የኔ ዕጣ እናንተን እንዳይደርሳችሁ!» ይላሉ። ሰዉ በሳቅ ይንከተከታል፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። ሁሉን አወቅሁ ባይ ብዙ አይቻለሁ። ሰው ይማርበት ብሎ የራሱን ስሕተት አደባባይ የሚያወጣ ግን አላጋጠመኝም። እንደምወዳቸው የገባኝ ያን ቀን ነው፤ ባይገባኝ ይሻለኝ ነበር፣ ምክንያቱም አሁን ማቀዝቀዣ ልገዛ ነው።

ማታ ለባለቤቴ ስነግራት ጄሶዋን በሁለት እጇ ይዛ እስኪያማት ሳቀች። «ደውልላቸው» አለችኝ ዕንባዋን እየጠረገች። «ዛሬ ከኛ ጋር ይወዳደሩ።»

ሦስቱም ተሰለፉ፤ ባለቤቴ ከአልጋዋ፣ እህቷ ከከተማዋ፣ ሊቀ ካርድ ከቤታቸው። ባለቤቴ እህቷን ለጥቂት ቀደመቻት። ሊቀ ካርድ አንድ ግንብ፣ አንድ ዛፍና አንድ ድልድይ ገጭተው መጨረሻ ወጡ።

«አይዞዎት ጋሼ» አለቻቸው ባለቤቴ።

«ምን አይዞዎት ትይኛለሽ!» አሉ፤ ደስታቸው በስልኩ ሞልቶ ይፈሳል። «ዛሬ የተሸነፍኩት በገመዱ ሳይሆን በራሴ ነው እኮ!»