የደሴቱ ማሽላ አዳማ ላይ

ከገጠር መጥቶ ከተማ ልጁ ዘንድ የተቀመጠ ሽማግሌ ባለበት ቤት ሁሉ፣ ማዕዱ ላይ አንድ ዳኛ ተሰይሟል። አዳማ፣ ሚልካ ቤት የተሰየሙት ዳኛ የባሏ አባት፣ ክቡር ጋሼ ወልደአማኑኤል ናቸው። ትውልዳቸው ዝዋይ ሐይቅ መሃል ካለች ደሴት ነው። ዳቦ ሲቀርብላቸው ቆርሰው፣ አሽትተው፣ "ይሄ እህል ነው?" ይላሉ። ፍርዱ ይግባኝ የለውም።

ለቅሶ ቤት እንኳ ንፍሮውን በጣታቸው ፈርጠው፣ "ሟች ይህን ሳይቀምሱ መሄዳቸው በጃቸው" ብለው ሚልካን መሬት ተከፍታ ብትውጣት አስመኝተዋታል። ገበያም አብራቸው መውጣት ትታለች። እህል ሻጯ ሑስና ከሩቅ ስታያቸው በቆሎዋን በማዳበሪያ ትሸፍናለች!

የሳቸው እህል አንድ ነው፤ የደሴቱ ቀይ ማሽላ። ድንጋያማው እርከን ላይ ዝናብ ቢያጥርም የሚያፈራው እሱ ነበር። የገበያ ዘር ተክቶት ከጠፋ ወዲህ ማሳው እምቢ አለ፤ አብዛኛው ሰውም በጀልባ እየተሻገረ ወጥቶ ቀረ። ጋሼ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ዛላዎች ከአንዲት አሮጊት ለምነው አገኙ። ክረምቱ ሲገባ ደሴቱ ላይ ሊዘሩ፣ እስከዚያ እናታቸው ያደርጉት እንደነበረው ከምድጃ በላይ ሰቀሏቸው፤ ያውም የሚልካ ኩሽና ውስጥ።

"ጋሼ፣ ወጡ ውስጥ ይረግፋል እኮ!"

"ተይ ልጄ፣ ዘር ከእሳት በላይ ነው የሚቀመጠው።"

ዝናቡ ጣል ጣል ሲያደርግ አወረዷቸው። ዱቄት! ነቀዝ ልቅም አድርጎ በልቷቸዋል። ለካ ዘሩን ይጠብቅ የነበረው እሳቱ ሳይሆን ጭሱ ኖሯል፤ የሚልካ ምድጃ ደግሞ የኤሌክትሪክ ነው፣ ጭስ የሚባል አያውቅም። ጋሼ ባዶውን ዛላ ታቅፈው ቁጭ አሉ። አንጀት ይበላሉ።

ወዲያው ስልካቸው ጮኸ። ማሳውን ሲያዘጋጅ የከረመው የደሴቱ ገበሬ፣ ሰንበታ ነው።

"ጋሼ፣ አርሰን ጨርሰናል። ዘሩን መቼ ያመጡልናል?"

ጋሼ ስልኩን ከጆሯቸው አወረዱ። ሚልካ ስልኩን ከእጃቸው ወሰደችው።

"ሰንበታ፣ ዘሩን ነቀዝ በላው። ጥፋቱ የኔ ነው። እሳቸው አትንኪ ብለውኝ ቦታውን የቀየርኩት እኔ ነኝ።"

"እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ የገበያውን መዝራት ነው። እሱም እምቢ ካለ እኛም ተሻግረን መውጣታችን ነው።"

ይኸው እስከ ዛሬ ሚልካ ደሴቱ ላይ "ዘር ያጠፋችው የአዳማ ሴት" ናት። ከዚያ የመጣ እንግዳ በነገር ሲወጋት፣ ጋሼ እውነቱን ሊያወጡ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። ሚልካ ጆሯቸው ስር ጠጋ ትላለች።

"ይቀመጡ ጋሼ። እኔን ቢጠሉኝ አዳማ አለችልኝ፤ እርስዎ ከደሴቷ ሌላ ምን አለዎት?"