ሊቀ መራጭ ኃይለየሱስና የዘሃራ መጥበሻ

በየከተማው፣ ሌላው ሰው ዕቃ ሊገዛ ሲነሣ ሳይጠሩት ከተፍ የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ለራሱ ነገር ሲገዛ ያየው የለም፤ የጎረቤቱ ግዢ ግን አያመልጠውም። ነጠላ የገዛ ጥለቱን ሳያሳየው፣ በቅሎ የገዛ ጥርሷን ሳያስመረምረው ቤቱ አይገባም። ከተማ ያለ ዳኛ ጥቂት ወራት ይቆይ ይሆናል፤ ያለዚህ ሰው ግን አንድ ገበያ የሚውል አይመስለኝም።

የአዳማው አቶ ኃይለየሱስ ይባላሉ። ሥራቸው የባቡር ጣቢያውን የዕቃ መጋዘን መጠበቅ ነው፤ ማዕረጋቸው ግን ሊቀ መራጭ ነው። ሹመቱን የሰጠናቸው እኛ ጎረቤቶቻቸው ነን። እኛ በፌዝ ሰጠን፤ እሳቸው በቁም ነገር ተቀበሉ።

በተለይ ብረት ሲያዩ ፊታቸው የቅዳሴ ፊት ይሆናል። ዕቃውን በሁለት ጣት አንጠልጥለው በጣታቸው አንጓ ያንኳኩታል፤ ከዚያ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ባለ ሱቁ አንድ ቃል ሊተነፍስ ቢሞክር፣ «ቆይ፣ አትቸኩል፤ ብረቱ ይናገር» ብለው ያስቆሙታል።

የወንጂው ገበሬ መርዳሳ ማጭድ ሊገዛ መጥቶ እጃቸው ላይ ወደቀ። ከስለት ስለት፣ ከእጀታ እጀታ ሲያማርጡለት ፀሐይ አዘቀዘቀች።

«ያ ረቢ! ጋሼ፣ ጤፉ እኮ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው» አላቸው።

«ጤፍ እግር የለው፣ የት ይሄዳል?» አሉት።

ለሰብስቤ የሠርግ አልጋ ሲመርጡለት ደግሞ እንዴት እንደሚያስተኛ ለማወቅ ሱቁ ውስጥ ተኙበት። ባለ ሱቁ በላያቸው ቆልፎ ምሳውን በልቶ ሲመለስ ገና አልነቁም ነበር። ሲነቁ፣ «ጥሩ ነው፤ ግን ራስጌው ትንሽ ይቀዘቅዛል» አሉ።

ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ሰዎች ሲያማክሯቸው ስለሚወዱ ነው ብዬ አምን ነበር። የዘሃራ ነገር እስኪመጣ ድረስ።

ዘሃራ በእኔና በእሳቸው ቤት መካከል የምትኖር የድሬዳዋ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ አሳብ ይዛለች። ባቡሩ አዳማ ላይ ቆሞ ውሃ ሲሞላ፣ ክርስቲያን ያረደውን ሥጋ የማይበሉት እስላም ነጋዴዎች ምግብ አጥተው በደረቅ ተምር ያልፋሉ። እሷ ከጣቢያው ፊት ለፊት አንዲት ክፍል ይዛ ሥጋ ልትጠብስላቸው ነው። ወንድሟ ደሊል ግን አሳቡን አልወደደውም። «ቅዳሜ ራሴ መጥቼ አያለሁ፤ የማይሆን ከሆነ ዕቃሽን ጠቅልለሽ ወደ ቤቴ» ብሎ አስታውቋታል። በወንድሟ ቤት ጥገኛ ከመሆን ሌላ ነገር ሁሉ ይሻላታል።

ባቡር ደግሞ አይጠብቅም። በስስ ቆርቆሮ መጥበሻ ሥጋው በገዛ ውሃው ይቀቀላል እንጂ ቶሎ አይጠበስም። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ከሊቀ መራጭ ጋር ወደ ግሪኩ ሱቅ ሄደች፤ እኔም ትርኢቱ እንዳያመልጠኝ ተከተልኩ።

ግሪኩ ሸንተረር ያላቸው ሁለት የብረት መጥበሻዎች አወጣ። ሊቀ መራጭ አንኳኩ፣ አሸተቱ፣ በጥፍራቸው ሸንተረሩን ለኩ።

«ሸንተረሩ ጥልቅ መሆን አለበት» አሉ ለዘሃራ። «ስቡና ውሃው ወደ ታች ይወርዳል፤ ሥጋው ከላይ በደረቁ ይጠበሳል። ብረቱ ወፍራም ይሁን፤ ሥጋ ሲያርፍበት ሙቀቱ እንዳይሸሽ።»

«ጌታው፣ መጥበሻ ነው እኮ፣ ሙሽራ አይደለም!» አለ ግሪኩ።

«ሙሽራ ብትሆን ዘመዶቿን እጠይቅ ነበር» አሉና ሁለተኛውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ነካ አደረጉት። ተንገዳገደ። «ይኼ አንካሳ ነው። ውሰደው።»

የመጀመሪያውን ያዙ። ያም ሆኖ ለዘሃራ አልሰጧትም፤ «ሳላሟሸው እሳት አይነካም» ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዱት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ይዘውት መጡ። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ እንደ ዓይን ብሌን የሚያበራ ነበር። ዘሃራ ተቀብላ በአድናቆት አገላበጠችው።

«ጋሼ፣ በምን ቢያሹት ነው እንዲህ የወዛ?»

«በሞራ ነዋ! ደጋግሜ በእሳት አጠጣሁት።»

«በማን ሞራ?»

ሊቀ መራጭ ዞረው ወደ ቤታቸው አዩ። ሞራው ከቤታቸው፣ ከፋሲካው በሬ ነበር። ስለ ብረት ሁሉን ሲያስቡ፣ ይህን አላሰቡም።

ዘሃራ መጥበሻውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አኖረችው። አልተቆጣችም፤ ያ ነው የከፋው። «እርስዎ ለደግ ብለው ነው፤ አውቃለሁ። እንግዶቼ ሲጠይቁኝ ግን ምን ልበል? ደሊልስ ሲጠይቀኝ?»

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አዳማ ሁሉ አይቷል፤ ሊቀ መራጭ ሮጡ። ጋቢያቸው በአቧራው ላይ እየተጎተተ፣ እኔ ከኋላ እያለከለክሁ፣ ግሪኩ ሱቅ ደረስን። የቀረው ያ አንካሳው ብቻ ነበር።

«አምጣው» አሉ።

ግሪኩ ፈገግ አለ። «አያንኳኩትም?»

«አውቀዋለሁ» አሉና ነጥቀውት ወጡ። በዕድሜያቸው ሙሉ ሳያንኳኩ የገዙት ብረት ይኸው ነው።

ዘሃራ አጥባ፣ በሰሊጥ ዘይት አሽታ ከሰሉ ላይ ስትጥደው ተንገዳገደ። ባንዱ ጎን ሥር ጠጠር አስገባችለት። የባቡሩ ፉጨት ተሰማ። ሊቀ መራጭ ወደ ውስጥ አልገቡም፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከደጁ ቆሙ፤ ምንም ነገር ላለመንካት የማሉ ይመስሉ ነበር።

«ቆይ፣ አትቸኩዪ» አሉ በቀስታ። «ብረቱ መጀመሪያ በደንብ ይጋል… አሁን ጣዪው… አትነካኪው፤ ሲበስል ራሱ ይለቃል።»

ሥጋው ለቀቀ፤ የሸንተረሩ ጥቁር መስመር ታትሞበት ነበር። ነጋዴዎቹ ቆመው በሉ። አብሯቸው ከባቡሩ የወረደው ደሊል በመጨረሻ በላ፤ ጣቱን ጠረገና ጎንበስ ብሎ ከመጥበሻው ሥር ያለውን ጠጠር አየ።

«ይህ ነገር ያነክሳል» አለ። «የተሻለ ከድሬዳዋ እልክልሻለሁ።»

ዘሃራ እዚሁ አዳማ ትቀራለች ማለት ነው። እንባዋን በሻሽዋ ጫፍ ጠረገችና፣ «ይቅር፤ ይህን የመረጠልኝ ሰው አለ» አለችው።

«እኔ አልመረጥኩትም!» አሉ ሊቀ መራጭ ከደጁ ሆነው፤ ክብራቸው ተነክቶ።

ያን ቀን ገባኝ። እኚህ ሰው ሰዎች ሲያማክሯቸው ስለሚወዱ አልነበረም፤ የሌላውን ሰው ጸጸት ስለሚፈሩ ነበር።

ዘሃራ ሌላ መጥበሻ አልገዛችም። ዛሬም ባቡር በሚመጣበት ቀን ሊቀ መራጭ አስቀድመው ይመጣሉ። መጥበሻውን አይነኩትም፤ በእንጨት ጫፍ ጠጠሩን ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው ያስተካክሉና ይሄዳሉ።

በሞራ የታሸውን እኔ ወሰድኩት። ምድጃዬ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ሲያንኳኩት እንደ ደወል ይጮኻል፤ እንከን የለውም። ጠጠሩን ሊያስተካክልልኝ የሚመጣ ሰው ግን የለኝም።